ታብሌቱን ከመግዛታችሁ በፊት

እህታችን የጠየቀችው በአጭሩ ይህ ነው። አዘዞ አካባቢ ባለ የዱቄት ፋብሪካ የጥራት ክፍል ኃላፊ ናት። አለቆቿ ሠራተኛው የምርት ችግሮችን በታብሌት የሚመዘግብበት ሶፍትዌር ሊገዙ ነው። እሷ ደግሞ «ደብተር ላይ እንኳ የማይጽፍ ሠራተኛ ታብሌት ላይ ይጽፋል ወይ? የትኛውንስ ብንገዛ ይሻላል?» ብላለች።

እኔ እዚሁ ጎንደር የታሸገ ውኃ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ምርት ክፍል ነው የምሠራው። የዱቄት ባለሙያ አይደለሁም። ማሽን ሲቆም ግን ጣጣው የትም አንድ ነው። ትንሽ ይረዝምብሻል፣ ቡና አፍልተሽ አንብቢው።

አጭሩ መልስ፦ ለጊዜው ምንም አትግዙ። በእጃችሁ ባለው ስልክ ጀምሩ። ይጽፋል ወይ ላልሽው፣ ይጽፋል፤ የጻፈው መልስ ካገኘ።

እስቲ ደብተሩን አስቢው። እኛ ጋ የሚሞላው ሽፍት ሊያልቅ ሲል፣ ሰርቪሱ ጥሩምባ እየነፋ ነበር። ስንት ደቂቃ ቆመ? «ትንሽ»። ምን ሆኖ? «ብልሽት»። ከዚያ ፊርማ። ሠራተኛውን አልወቅሰውም። ያንን ደብተር ማን ያነበዋል? ኦዲት ሲመጣ ካልሆነ የሚገልጠው የለም። ማንም የማያነበውን ነገር አሳምሮ የሚጽፍ ሰው የለም፤ እኔም አልጽፍም።

የመኪና አምራቹ ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ አንዶን የሚሉትን የጥሪ ምልክት የምታበራ ገመድ አለች። ሠራተኛው ችግር ሲያይ ይስባታል። ሐሳቡ የመጣው ከሽመና ነው፤ ሳኪቺ ቶዮዳ በአውሮፓውያን 1924 ያወጣው የሽመና ማሽን ክር ሲበጠስ ራሱ ይቆም ነበር። ስለ አንዶን ሲወራ ብዙ ሰው የሚያነሣው ሠራተኛው የምርት መስመሩን ማቆም መቻሉን ነው። እኔ ግን የምወደው ሌላውን ነው፦ ገመዷ ስትሳብ የቡድን መሪው ወዲያው ወደ ሠራተኛው ይመጣል። መስመሩ የሚቆመው ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ ነው። ስለዚህ ታብሌት ገዛችሁም፣ ስልክ ተጠቀማችሁም፣ ቀድማችሁ ወስኑ፦ ሠራተኛው ሲነካው ማን ነው የሚመጣው? ስሙ ይጻፍ። በየሽፍቱ።

አሁን ወደ መሣሪያው። መጀመሪያ ቴሌግራም ግሩፕ ነበረን። ለፎቶና ለቮይስ እሱን የሚያህል የለም። ችግሩ፣ ሁሉም ነገር ከበዓል ስቲከርና «ነገ ሽፍት የሚቀይረኝ አለ?» ከሚለው ጋር ይቀላቀላል። ከሳምንት በኋላ ፈልገሽ አታገኚውም። መቁጠርማ አይታሰብም። ስለዚህ ቴሌግራሙን ለቪዲዮና ለጨዋታ ትተነው ምዝገባውን ወደ ኮቦ (KoboToolbox) ወሰድነው። ኮቦ ድርጅቶችና የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለጥናት መረጃ የሚሰበስቡበት መተግበሪያ ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ይጫናል፣ በአማርኛ ቅጽ ይሠራበታል፣ ኔትወርክ ባይኖርም ይሞላል። ኔትወርክ ሲመጣ ይልካል። ደግሞ ጎንደር ውስጥ የሚያውቀው ሰው አታጪም፤ ከጤና ሳይንስ የተመረቀ ዘመድ ካለሽ እሱን ጠይቂ።

ይህ ኔትወርክ የሚሉት ነገር ቀላል ጉዳይ እንዳይመስልሽ። በ2015 ክረምት ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ለወራት ነው የቆየው። ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ሲስተም ለጎንደር ፋብሪካ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ቅጹን አሳጥሩት። የእኛ አራት ጥያቄ ነው። የትኛው ማሽን? እዚህ ላይ መጻፍ የለም፤ ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ ስካን ያደርጋል። ምን ታየ? ቅጹ ላይ ካሉት የችግር ፎቶዎች አንዱን ይነካል። ቆሟል ወይስ እየሠራ ነው የሚያስቸግረው? የመጨረሻው ቮይስ ነው፦ «ምን ይመስልሃል?»

አንድ ነገር አደራ። «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ብላችሁ ዝርዝር አታቅርቡ። ዝርዝር ካለ ሁሉም የመጀመሪያውን ይነካና ይሄዳል። እኛ ጋ ቢሆን ሁሉም «መብራት» ነበር የሚለው። ሠራተኛው ያየውን ይንገራችሁ፤ ምክንያቱን አብራችሁ ፈልጉ።

ለምን እንደዚህ እንደምል በአንድ ችግር ላስረዳሽ። የጠርሙስ መንፊያው ማሽን አንዳንድ ጠዋት ላይ ወተት የመሰለ ነጭ ጠርሙስ ያወጣል። ይጣላል፣ ማሽኑ ይቆማል፣ ይስተካከላል፣ ደብተሩ ላይ «ብልሽት»። ኦፕሬተሩ መብራት ነው ይላል። ሜካኒኩ አየር የሚያምቀውን ኮምፕረሰር ይጠረጥራል። እሱም ዝም ብሎ አልነበረም፤ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ኮምፕረሰር እንደ ቆላው አይሰጥም። አለቆች ደግሞ ኦፕሬተሩን። ሁሉም የራሱ ተጠርጣሪ ነበረው።

ከቅጹ የመጣውን በሰዓት በሰዓት ስናስቀምጠው ነጩ ጠርሙስ የሚበዛው በጠዋቱ ሽፍት መጀመሪያ ላይ ሆነ። መብራት ባልጠፋበት ቀንም። ከሰዓት በኋላ የለም ማለት ይቻላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይብሳል። መብራትም ኮምፕረሰርም እንዲህ በሰዓትና በወቅት አይመርጡም። ከዚያ ቮይሶቹን አዳመጥን። ፕሪፎርም (ሞቆ ተነፍቶ ጠርሙስ የሚሆነውን ትንሽ ፕላስቲክ) ማሽኑ ላይ የምትሞላው ልጅ በአንዱ ቮይስ እንዲህ ትላለች፦ «ጠዋት ጠዋት ፕሪፎርሙ በረዶ ነው፣ እጄን ያደነዝዘዋል።» በቃ። ፕሪፎርሙ የሚያድረው በቆርቆሮ መጋዘን ነው። የጎንደርን የታኅሣሥ ሌሊት ታውቂዋለሽ። የማሞቂያው መብራቶች የተስተካከሉት ግን ለከሰዓት ፕሪፎርም ነው። ፕላስቲኩ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ሲለጠጥ ነጭ ይሆናል። መፍትሔው የነገውን ፕሪፎርም ዛሬ ወደ ማምረቻው አዳራሽ ማስገባት ነበር። መለዋወጫ የለ፣ ግዢ የለ።

ልጅቷ ይህን ለዓመታት ታውቀው ነበር። የጠየቃት አልነበረም። «ፕሪፎርም ቀዝቅዟል» የሚል ምርጫ በዝርዝሩ ላይ የምናስገባስ ማን ነን? እኛ መች አሰብነው። ሰዓቱ ከስልኩ መጣ፣ ምክንያቱ ከእሷ አፍ መጣ። አንዱ ብቻውን አይበቃም ነበር።

ሰዓት ካነሣሁ አይቀር ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። ስልኩ የሚመዘግበው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ማታ የገባ ሠራተኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የመዘገበው ችግር በማግስቱ ቀን ይገባል። አንድ የሌሊት ሽፍት ለሁለት ቀን ይከፈልና ሪፖርቱ ይዘባረቃል፣ ሽፍት መሪዎቹም «የእኔ አይደለም» እየተባባሉ ይጣላሉ። ኤክሴል ላይ ቀኑና ሰዓቱ አብረው ካሉበት 0.25 ቀንሺ፤ ሩብ ቀን፣ 6 ሰዓት ማለት ነው። ሰዓቱ ወደ እኛ አቆጣጠር ይመጣል፣ ቀኑም ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል። የሌሊቱ 7 ሰዓት 19 (የቀኑ 12 ሲደመር 7) ሆኖ በዋዜማው ቀን ይቀመጣል። ከሌላው ምክሬ ይልቅ በዚህ ትመርቂኛለሽ።

መልሱ እንዴት ይመለስ? እኛ ማሽኖቹ አጠገብ አንድ ነጭ ሰሌዳ አለን። ከቅጹ የመጣው ችግር ይጻፋል፣ የያዘው ሰው ስም ይጻፋል፣ ሲያልቅ ይሰረዛል። የማይሠራ ከሆነም «አይሠራም፣ ምክንያቱም ይህ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ሠራተኛ «አይሆንም» ሲሉት ይችለዋል፤ ዝም ሲሉት ነው የሚተወው። ዲጂታል ብለሽ ጠይቀሽ ስለ ነጭ ሰሌዳ ማውራቴ ያስቅ ይሆናል፤ ግን ዘይት በነካው እጅ ስልክ እየከፈተ ሪፖርት የሚያይ ኦፕሬተር አላየሁም።

የካይዘን (ሥራን በትንሽ በትንሹ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) የልማት ቡድን ካላችሁ ሥራውን ለእነሱ ስጧቸው። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ከተቋቋመ ወዲህ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚለው በየፋብሪካው ግድግዳ ተለጥፏል። (የመጨረሻው ነው ሁሌ የሚያቅተን።) የቡድኑ ስብሰባ የሚሞተው የሚወያይበት ነገር ሲያጣ ነው። የሳምንቱን ቮይስ አሰሟቸው፣ ስብሰባው ራሱ ነፍስ ይዘራል።

መዝገቡ ለቅጣት እንዳይውል ግን ጨክኚ። ስሙን በማልጠራው አንድ ፋብሪካ እንዲህ ያለ ምዝገባ ጀምረው ጥሩ እየሄደ ሳለ፣ አስተዳደሩ መዝገቡን ወስዶ ቦነስ መቁረጫ አደረገው። ከዚያ በኋላ ማሽኖቹ በወረቀት ላይ አንድም ቀን አልቆሙም! የእናንተም አስተዳደር ይጠይቅሻል፣ አትጠራጠሪ። ከመጀመሪያው በጽሑፍ አስፈርሚያቸው።

ለዱቄት ደግሞ አንድ የተለየ ጥንቃቄ አለ። አየር ላይ የተንሳፈፈ የዱቄት ብናኝ ይቀጣጠላል፣ ይፈነዳልም። ተራ ስልክና ታብሌት፣ በተለይ ቻርጅ ላይ የተሰካ፣ ብናኝ ባለበት መፍጫና ወንፊት ክፍል ውስጥ እንዳይገባ። በመቆጣጠሪያው ክፍል በር ላይ ወይም ከማሸጊያው ራቅ ብሎ አንድ ቋሚ ቦታ ይኑረው፣ የማሽኖቹም ኮድ እዚያው በዝርዝር ይለጠፍ። ምዝገባውን የምትጀምሩበት ማሽን ማሸጊያው ቢሆን ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ የሚቆምና ሁሉም የሚያየው እሱ ይመስለኛል። ስንዴው ከመፈጨቱ በፊት ስንት ሰዓት ረጥቦ እንደቆየም አብራችሁ መዝግቡ። ወንፊት ሲታፈን መጀመሪያ የምትፈልጊው እሱን ነው።

አለቆችሽ ግን «ገዝተናል፣ አበቃ» ካሉ ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቂልኝ። ኔትወርክ ሲጠፋ ይሠራል? የተመዘገበውን በኤክሴል አውጥተን መውሰድ እንችላለን? አንድ ጥያቄ ለመቀየር እናንተን መጥራት አለብን ወይስ ራሳችን እንቀይረዋለን? ሦስተኛው ላይ «እኛን ትጠራላችሁ» ካለሽ አመስግነሽ ሸኚው። የእኛን ቅጽ በመጀመሪያው ወር ስንቀያይረው ነው የከረምነው፤ ለእያንዳንዷ ለውጥ ከአዲስ አበባ ሰው ብንጠብቅ ኖሮ እስካሁን ደብተሩ ላይ ነበርን።