ጤፍ የተበተነበት ፎቶ

ልጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

በየሜዳው አያችኋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት የታዳጊዎች ፕሮጀክት ልምምድ ባለበት፣ በክረምት ዕረፍት የሰፈር ልጆች ለዋንጫ በሚጋጠሙበት፣ ካሜራ አንግታችሁ በመስመሩ ዳር ትሯሯጣላችሁ። ማታ ደግሞ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ፎቶ ቤቴ ትመጡና ሁላችሁም ያንኑ ትጠይቁኛላችሁ፤ «ጋሼ፣ ኖይዙ ለምን በዛ?» ለእያንዳንዳችሁ ስመልስ ሻዩ እየቀዘቀዘብኝ ስለተቸገርኩ ጻፍኩት።

ኖይዝ የምትሉትን፣ ፎቶው ላይ ተበትኖ የሚታየውን ቅንጣት፣ እኔ ጤፍ ነው የምለው። ስሙን ያወጣችው አንዲት የደብረ ማርቆስ እናት ናት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በጥቁርና ነጭ ፊልም የምሠራበት ጊዜ። ልጇ ኳስ በግንባሩ ሲገጭ አንስቼው ነበርና ፎቶውን ልትወስድ መጣች። ወደ በሩ ወጣ ብላ በብርሃን አየችውና፣ «ምነው አንተ ልጅ፣ ፊቱ ላይ ጤፍ በተንክበት?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ጨዋታው ሳያልቅ መሽቶብኝ፣ የብርሃን ስሜቱ ቁጥር 400 የሆነውን ፊልም እንደ 1600 ቆጥሬ አንስቼ፣ በማጠቢያው ኬሚካል ውስጥ ከደንቡ በላይ አቆይቼዋለሁ። እንዲህ የተገፋ ፊልም የብር ቅንጣቶቹ ጎልተው ይወጣሉ። አፍሬ፣ «በነፃ ደግሜ ላንሳልዎ፤ ቁሞ ይነሳ» ብላት፣ «ቁሞማ ቤቴ አየው የለም ወይ!» ብላ ከፍላ ወሰደችው።

የእናንተ ካሜራ ውስጥ ብር የለም፤ ጤፉ ግን አለ። ከየት መጣ? ብርሃን ሴንሰሩ ላይ፣ በፊልም ፋንታ ብርሃን በሚቀበለው የካሜራው ገጽ ላይ፣ የሚወርደው እንደ ዝናብ በጠብታ በጠብታ ነው። ግቢ ውስጥ መቶ ሲኒ ደርድራችሁ የሐምሌ ዶፍ ቢወርድባቸው ሁሉም እኩል ይሞላሉ። ካፊያ ብቻ ቢነካቸው ግን አንዱ አምስት ጠብታ ያገኛል፣ ጎረቤቱ ሁለት፣ ሌላው ምንም። የሴንሰሩ ነጥቦችም እንደ ሲኒዎቹ ናቸው። አንድ ነጥብ 10,000 የብርሃን ቅንጣት ሲደርሰው መዋዠቁ 100 ገደማ ነው፤ ከመቶ አንድ፣ ዓይን አይለየውም። 100 ብቻ ሲደርሰው ግን መዋዠቁ 10 ነው፤ ከመቶ አሥር። ፊት ላይ ቅንጣት ቅንጣት ብሎ የሚታየው ይኸ ነው። አይኤስኦ፣ ማለት ካሜራው የደረሰውን ብርሃን የሚያጎላበት ቁጥር፣ በአብዛኛው ጤፍ አይዘራም፤ የተዘራውን ያጎላል። ጥፋቱ የብርሃን ማነስ ነው።

ይህን ባለማወቄ ዓመታት ከስሬአለሁ። ዲጂታል ካሜራ እንደያዝኩ አንድ ባልደረባዬ «አይኤስኦውን ከ400 እንዳታልፍ» አለኝና እንደ ግዝት ያዝኩት። ሹተሩ፣ ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ማለት ነው፣ 1/125 ሰከንድ ላይ ይወርድብኛል፤ የልጆቹ እግር ጭስ ሆኖ ይቀራል። ወይም ሹተሩን አፍጥኜ ፎቶው ይጨልምና ኮምፒውተር ላይ ሳበራው ጤፉ ከነገለባው ይመጣል። ጨልሞ በ800 ተነስቶ በኋላ የበራ ፎቶ፣ በቂ ብርሃን ተለክቶለት በ3200 ከተነሳው ብዙ ጊዜ ይብሳል እንጂ አይሻልም። እናንተም የምታመጡልኝ ፎቶ አብዛኛው እንዲህ ያለው ነው፤ አይኤስኦውን ፈርታችሁ ያጨለማችሁት።

እኔ ዛሬ እንዲህ ነው የምይዘው። ካሜራውን ማኑዋል ላይ፣ በእጅ ወደሚታዘዘው፣ አደርጋለሁ፤ አፐርቸሩን፣ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፣ ሌንሱ እስከፈቀደ እከፍታለሁ፤ ሹተሩን 1/800 አደርግና አይኤስኦውን ለካሜራው እተዋለሁ፣ ጣሪያው 6400 ሆኖ። ለትንንሾቹ፣ ኳሱን ከበው እንደ ንብ ለሚሄዱት፣ 1/500 ይበቃል። ጤፍ ያለበትን ፎቶ ማጽዳት ይቻላል፤ ፊቱ በእንቅስቃሴ የተዘረጋን ልጅ ግን ማንም አይመልሰውም።

አሁን ወደ ሜዳው። ደመና በሌለበት ጥሩ ፀሐይ፣ በርካሹ ረጅም ሌንስ በኤፍ 5.6 (የአፐርቸሩ ቁጥር ነው፤ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ለ1/800 አይኤስኦ 100 ይበቃችኋል። በሐምሌ ሰማዩ በወፍራም ደመና ሲሸፈን ያው ፎቶ 800 ይጠይቃል። ፀሐይ ገብታ ጨዋታው ከቀጠለ 3200ም 6400ም ይሆናል፤ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብም ምሽታችን አያዘግምም፣ ፀሐይ በጠለቀች በሃያ ደቂቃ ውስጥ ኳሱን ራሱ ማየት ያቅታል። ስለዚህ በ10 ሰዓት ተኩል የሚጀመር ጨዋታ ካለ ዋናውን ሥራ በመጀመሪያው አጋማሽ ጨርሱ፤ በሁለተኛው ተቀያሪ ወንበሩን፣ አሰልጣኙን፣ ጫማውን የሚያስረውን ልጅ አንሱ፤ እነዚህ ብዙ ስለማይንቀሳቀሱ ሹተሩን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ደግሞም አሰልጣኙን «በ9 ሰዓት ጀምሩልን» ብሎ መለመን ከማንኛውም ሌንስ ይረክሳል። እኔ ለምኜ ሁለቴ ተሳክቶልኛል፤ አንዴ ተሰድቤአለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያታልላችሁ የክረምቱ ነጭ ሰማይ ነው። ከልጁ ጀርባ ሲሆን ካሜራው ሰማዩን ያይና «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። የእኛ ልጆች ጠይም ፊት ያኔ ከሰል ይሆናል፤ ያንን ፊት በኋላ ስታበሩት ጤፉ ሁሉ ከጉንጩና ከግንባሩ ላይ ይፈልቃል። የካሜራውን የብርሃን ማስተካከያ (+ እና − ያለበትን) አንድ እርምጃ ወደ መደመሩ አድርጉት፤ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ቢጠፋ ይጥፋ፣ ደመና ሊገዛ የሚመጣ ወላጅ የለም። ሲሆን ሲሆን ቦታ ቀይሩና ጀርባው ባሕር ዛፍ ወይም ተመልካች ይሁን። «ተንበርክካችሁ አንሱ» የሚለው ምክር በሌላ ቀን ጥሩ ነው፤ በደመና ቀን ግን ከወለሉ ስታነሱ ፎቶው ግማሹ ሰማይ ይሆናል። ሣሩ ያለቀበት ደረቅ ሜዳ ደግሞ ሰው ይንቀዋል እንጂ ከታች ወደ ፊት ብርሃን ይመልሳል።

ቅርብ ሁኑ። የፎቶውን ወርድና ቁመት በግማሽ ስትቆርጡት እያንዳንዱ ጤፍ በእጥፍ ተልቆ ስንዴ ያህላል። የልጆች ሜዳ አጥር የለውም፤ ዳኛውን አስፈቅዳችሁ ከጎሉ ጎን መቀመጥ ትችላላችሁ። ቅጽበቱንም ምረጡ፦ ኳስ ሊገጭ የዘለለ ልጅ ከፍታው ጫፍ ላይ ሲደርስ ለአፍታ ይቆማል፤ እዚያ ላይ ከጠበቃችሁት 1/320 ይበቃል፤ አይኤስኦውም ከግማሽ በታች ይወርዳል። የዚያች እናት ልጅም እንዲያ ባይቆምልኝ ኖሮ ጤፉም አይገኝም ነበር።

አዳራሽ ውስጥ፣ መረብ ኳስ ወይም ቴኳንዶ ሲሆን፣ በኤፍ 5.6 ሌንስ አትድከሙ። የ50 ሚሊሜትሯ ኤፍ 1.8 ትንሽ ሌንስ ከእሱ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ታስገባለች፤ ከሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉትም አንዷ ናት። አንድ ሌንስ ብቻ የመግዣ ገንዘብ ካላችሁ ረጅሙን ትታችሁ እሷን ግዙ፤ የማይስማማኝ ብዙ ባለሙያ አለ፣ እኔ ግን አልለወጥም። የአዳራሽ መብራት አንዳንዱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። በተከታታይ ስትተኩሱ አንዱ ፎቶ የበራ፣ ቀጣዩ የጨለመና ቢጫ ከሆነ ካሜራችሁ አልተበላሸም። መርገብገብን የሚከላከል ማብሪያ ካለው አብሩት፤ ከሌለው ደጋግማችሁ አንስታችሁ የበራውን ምረጡ እንጂ የጨለመውን ለማዳን አትልፉ። ፍላሽ የልጆች ዓይን ላይ አታብሩ።

በስልክ ለምታነሱ፦ የማታ ሞዱ ብዙ ፎቶ አንስቶ አንድ ላይ በማዋሃድ ስለሚሠራ ለሚሮጥ ልጅ አይሆንም። ስልክ የቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ። በራው፣ ካሜራው ባልጨመቀው ጥሬ ፋይል፣ አንሱ። ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ከ2023 የፈረንጆች ዓመት ወዲህ ያመጣው ዲኖይዝ፣ የጤፍ ማጽጃው፣ የሚገርም ነው፤ ዕድሜ ልኬን የታገልኩትን በደቂቃ ሲያጸዳ አይቼ ትንሽ ከፍቶኝም ነበር። ግን እስከ መጨረሻው አትግፉት፤ ልጁ ከሰም የተሠራ ይመስላል፣ የማሊያው ሽመና ይጠፋል። ቀይና አረንጓዴ ሆኖ የሚረጨውን የቀለም ጤፍ ሙሉ በሙሉ አጥፉት፤ ግራጫውን ትንሽ ተዉለት። በጣም ከባሰ ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡት፤ እዚያ ጤፍ ያረጀ ጌጥ ይመስላል። ደግሞ መቶ በመቶ አጉልታችሁ አትፍረዱ፤ በ10 በ15 ሴንቲሜትር ሲታተም ግማሹ አይታይም። በቴሌግራም ስትልኩ ግን በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩ፤ አለዚያ ያጸዳችሁትን እሱ ጨፍልቆ ያደርሰዋል።

ለገና ጨዋታ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ነው። በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ ብርሃን አያሳስብም፤ ዱላው ግን ከእግር ይፈጥናል፣ 1/1600 አድርጉ። ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ቁሙ፤ አንድ ዓይናችሁ ግን ከካሜራው ውጭ ሩሩ ላይ፣ የገናው ኳስ ላይ፣ ይሁን። እኔ ሁለቱንም ሌንሱ ላይ አድርጌ ጉልበቴን ብሎኝ፣ እስከ ጥምቀት እያነከስኩ ሠርቻለሁ።