ስለ ፔሩ የአየር ጠባይ ጠይቁኝ

ሊማ መኖር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የተራራውንም የጫካውንም አየር ቀምሼዋለሁና የምታስቡትን ሁሉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ጁላይ ላይ ልመጣ ነው። ክረምት ነው ወይስ በጋ?

መልስ፦ የት ልትሄድ ነው? ኩስኮ ከሆነ (3,400 ሜትር ላይ ነች) ቀኑ ጠራራ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ዝናቡ የሚወርደው ከዲሴምበር እስከ ማርች ነው። አገሩ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስለሆነ እነዚህ ወራት በትምህርት ቤት መጽሐፍ በጋ ናቸው፤ የተራራው ገበሬ ግን «ኢንቪየርኖ» ማለትም ክረምት ይላቸዋል። እኛም ክረምት ስንል ዝናቡን ነውና አነጋገሩ ወዲያው ገባኝ።

ጥያቄ፦ ሊማ በረሃ ላይ ነች ይባላል። ታዲያ ፎቶ ላይ ሰማዩ ለምን ይደምናል?

መልስ፦ ሁምቦልት የሚባለው ቀዝቃዛ የባሕር ጅረት ከደቡብ እየመጣ ከላዩ ያለውን አየር ያቀዘቅዘዋል። ሞቃቱ አየር ከላይ እንደ ክዳን ስለሚገጥምበት ደመናው ከፍ ብሎ ዝናብ መሆን አይችልም። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ፀሐይ ትናፍቃለች። «ጋሩዋ» የሚሉት ካፊያ አስፋልቱን ያረጥባል፤ የዓመቱ ዝናብ ተጠራቅሞ ግን 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ብርዱ ከ12 ዲግሪ በታች እምብዛም አይወርድም፤ እርጥበቱ ግን አጥንት ይገባል፣ ያጠባችሁት ልብስ አይደርቅም። ፀሐይ የናፈቀው ሰው በስተምሥራቅ ወደ ቾሲካ ይወጣል። ኮረብታ ላይ ያሉ የድሃ ሰፈሮች ደግሞ መረብ ዘርግተው ከጭጋጉ ውሃ ያጠራቅማሉ፤ ባየሁት ቁጥር እጅግ የማከብረው ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ እንደኛ ቆላና ደጋ ብለው ይከፍላሉ?

መልስ፦ ያውም በስምንት! ሀቪየር ፑልጋር ቪዳል የተባሉ የጂኦግራፊ ምሁር የነባሩን ሕዝብ ስያሜዎች ይዘው ነው የከፈሉት። ከባሕር ዳርቻው «ቻላ» ተነስታችሁ ስትወጡ በ2,300 እና በ3,500 ሜትር መካከል በቆሎ የሚበቅልበት «ኬችዋ» አለ። ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው «ፑና» የአልፓካ ግጦሽ ነው። የከፍታው ገበሬ የጁንን ውርጭ ይጠብቃል፤ ድንቹን ሌሊት ሜዳ ላይ አስጥቶ በረዶ ያስመታዋል፣ በእግሩ ረግጦ ውሃውን ያወጣና በፀሐይ ያደርቀዋል። «ቹኞ» ይባላል፣ ለዓመታት አይበላሽም።

ጥያቄ፦ ለአማዞን ጃኬት ልያዝ?

መልስ፦ ያዢ እህቴ። በተለይ ፑዌርቶ ማልዶናዶ በኩል ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር «ፍሪያሄ» የሚባል የደቡብ ነፋስ ድንገት ይገባል። ከ30 ዲግሪ በላይ የነበረው ሙቀት ለጥቂት ቀናት ወደ 15 ሊወርድ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኤል ኒኞ የእነሱ ቃል ነው?

መልስ፦ አዎ፣ የሰሜን ፔሩ ዓሣ አጥማጆች ቃል ነው። ሞቃቱ ውሃ በገና ሰሞን ስለሚመጣ በሕፃኑ ኢየሱስ ስም ጠሩት። ያኔ በረሃው ይጥለቀለቃል፤ በፈረንጆች 2017 ማርች ላይ የፒዩራ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋ ገብቷል። የኢትዮጵያን ክረምት የሚያዳክመውም ይኸው የፓስፊክ ሙቀት ነው፤ የፈረንጆቹን 2015 ድርቅ አስታውሱ።

ጥያቄ፦ ጥንታዊቷን የኢንካ ከተማ ማቹ ፒቹን በፌብሩዋሪ ማየት ይቻላል?

መልስ፦ በባቡር ይቻላል፣ የዝናብ ልብስ ይዛችሁ። በእግር የሚኬድበት የኢንካ መንገድ ግን ወሩን ሙሉ ለጥገና ይዘጋል።