ባዶ ሃይላንድ ለምን ይሆናል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የባዶ ሃይላንድ ጉዳይ ናቸው። ባሕር ዳር ውስጥ የተጣለ ፕላስቲክ መንገዱ አጭር ነው። አንድ ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ ከቦይ ተጠርጎ ጣና ወይም አባይ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከመጣሉ በፊት «ይኼ ለምን ይጠቅመኛል?» ብሎ የሚያስብ ሰው ሲበዛ እውነት ደስ ይላል።

«ጓሮዬ ውስጥ ቲማቲምና ቃሪያ አለኝ። በበጋ ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። ጠዋት አጠጥቼ ማታ አፈሩ ደርቆ ይጠብቀኛል። በሃይላንድ ጠብ ጠብ እያለ የሚያጠጣ ዘዴ አለ ይባላል። እንዴት ነው?» (ከሽምብጥ)

አለ፤ ከሃይላንድ አገልግሎቶች ሁሉ እኔ የምወደውም ይኼንኑ ነው። የ2 ሊትሩን ይምረጡ። ቀጭን ምስማር በፒንሳ ይዘው እሳት ላይ ያግሉና ከታች እስከ ወገቡ ድረስ ዙሪያውን 6 ወይም 7 ቦታ ይብሱት። ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን፤ ፕላስቲክ ሲቀልጥ የሚወጣው ጢስ ለሳንባ አይሆንም። ከዚያ ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ርቀው ይቆፍሩና አንገቱ ብቻ ከመሬት በላይ እንዲቀር አድርገው ይቅበሩት። ውሃውን በአፉ ይሞላሉ።

አፈርዎ ዋልካ ከሆነ ጭቃው ቀዳዳውን ቶሎ ይደፍነዋል። ሳይቀብሩት በፊት ያረጀ የናይለን ካልሲ ያልብሱት ወይም በቁራጭ ነጠላ ይጠቅልሉት። ክዳኑንም አይጣሉት፤ የውሃውን ፍጥነት የሚወስነው እሱ ነው። ክፍት ከሆነ ውሃው በአንዴ ይወርዳል። ግጥም ካደረጉት አየር ስለማይገባ ይቆማል ወይም በጣም ይዘገያል። ላላ አድርገው ይተዉትና በማግስቱ ሥሩ አጠገብ ጣትዎን አስገብተው ይዩ። እርጥብ ከሆነ ትንሽ ያጥብቁት፤ ከደረቀ ያላሉት። ጥቅሙ ውሃው ላይ ላዩን ፀሐይ ሳያገኘው በቀጥታ ሥሩ ጋ መድረሱ ነው። መሬቱ ላይ እርጥበት ስለማይኖርም አረሙ ይቀንሳል።

አደራ የምለው፣ ክዳን የሌለው ሃይላንድ ውሃ እንደያዘ ጓሮ ውስጥ አይተዉ። የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይበቃታል። ክረምት ሲገባ ነቅለው፣ አጥበው፣ ደፍተው ያስቀምጡት።

«ሰፈራችን ያለው ሱቅ በረኪና በሃይላንድ እየቀዳ ይሸጣል። ዋጋው ደህና ስለሆነ እገዛለሁ። ችግር አለው እንዴ?» (ከግሽ አባይ)

አለው እህቴ፣ በጣም አለው። ልጅ ሃይላንድ ሲያይ የሚያውቀው ውሃ ነው። ተጫውቶ፣ ጠምቶት ሲገባ ያገኘውን አንስቶ ይጨልጠዋል። በረኪና አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። ነጭ ጋዝ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ፀረ ተባይ ደግሞ ነፍስ ያጠፋል። «ከፍ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ» ማለት አይበቃም፤ አንድ ቀን ይረሳል፣ ወይም እንግዳ የመጣ ሰው አውርዶ ይጠጣዋል። ባለሱቁ በልክ የሚቀዳ ከሆነ የድሮውን፣ ስሙ የተጻፈበትን የበረኪና ዕቃ ይዘሽ ሂጂ።

አይበለውና ልጅ ከጠጣ እንዲያስመልሰው አታድርጊ። በረኪና ሲመለስ ጉሮሮውን ድጋሚ ያቃጥላል፤ ጋዝ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይሄዳል። የጠጣበትን ዕቃ ይዘሽ በአቅራቢያሽ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሩጪ። ፀረ ተባይ የነበረበት ዕቃ ደግሞ ምንም ያህል ቢታጠብ ለውሃም፣ ለዘይትም፣ ለእህልም አይሆንም። በስተው ከአገልግሎት ያውጡት።

«የቡና ችግኝ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ አፈላሁ። ቅጠሉ ያምራል፤ ሥሩ ግን ታች ሲደርስ ተጠማዘዘብኝ። ፕላስቲኩም ውስጡ አረንጓዴ ሆነ።» (ከዘጌ)

የቡና ዋና ሥር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ግማሽ ሊትሩ ያጥርበታል። ሥሩ ተጠማዝዞ የተተከለ ቡና ደግሞ በኋላም ሥሩ አይቃናም። የ1 ሊትር ተኩል ወይም የ2 ሊትሩን ወስደህ አንገቱን ብቻ ቁረጥ፤ ቁመቱ ነው የሚፈለገው። ከሥሩ 4 ወይም 5 ቦታ ብሳው፤ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል።

አረንጓዴው አልጌ ነው (እርጥብ ቦታ ላይ የሚወጣው አረንጓዴ ነገር)፤ ብርሃን ስላገኘ የመጣ ነው። ሥር ብርሃን አይወድም። በጆንያ ቁራጭ ሸፍነው፣ ወይም እስከ ግማሹ መሬት ውስጥ ቅበረው። ስትተክል ችግኙን ጎትተህ አታውጣ። ጎኑን በቢላ ሰንጥቀህ ከነአፈሩ አውጣው፤ ፕላስቲኩን ግን ጉድጓድ ውስጥ ጥለህ አትሂድ። ለጌሾ ችግኝም በዚሁ መንገድ ይሆናል።

«ለዘር ያስቀመጥኩትን ሽምብራና ባቄላ ነቀዝ ይጨርሰዋል። መድኃኒት ማድረግ አልፈልግም።» (ከጎርጎራ)

እማማ፣ ለዚህ ሃይላንድ ሁነኛ ነገር ነው። ነቀዝም እንደኛው አየር ይተነፍሳል። እህሉ እስከ አፍ ጢም ብሎ ሞልቶ ክዳኑ ግጥም ካለ፣ ውስጥ የቀረችውን ትንሽ አየር ይጨርስና መብላቱን ያቆማል፤ ቆይቶም ይሞታል። መድኃኒት አያስፈልግም።

ዋናው ነገር እህሉ መድረቁ ነው። እርጥብ እህል ተከድኖ ከተቀመጠ ይሻግታል፤ ለዘር የታሰበውም አይበቅልም። ለመፈተሽ ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምረው በደንብ ይወዝውዙት። ጥቂት ጠብቀው ሲያዩት ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና ነው፣ ወደ ፀሐይ ይመልሱት። ባይለጠፍም አንድ ቀን ጨምረው ቢያሰጡት ደግ ነው። ሃይላንዱም ውስጡ ጠብታ ውሃ አይኑርበት። በአንድ ትልቅ ዕቃ ከሚያስቀምጡ በብዙ ትንንሽ ይሻላል፤ አንዱን ሲከፍቱ ሌላው እንደታሸገ ይቆያል። አይጥ ፕላስቲክ ስለምትቆረጥም ሣጥን ውስጥ ያኑሩት።

«ሥራዬ ጀልባ ላይ ነው። የጣናን ውሃ በሃይላንድ ቀድቼ ፀሐይ ላይ ባውለው ይጠጣል?»

ይቻላል ወንድሜ፣ ግን ሁኔታ አለው። ፀሐይ ተቅማጥ የሚያመጡትን ብዙዎቹን ጀርሞች ትገድላለች። ሃይላንዱ ቀለም የሌለው፣ ያልተጫጫረ፣ ከ2 ሊትር የማይበልጥ ይሁን። ወረቀቱን ላጥና ጠራራ ፀሐይ ላይ ቢያንስ 6 ሰዓት አጋድመህ አውለው። ሰማዩ ደመና ከሆነ 2 ቀን ይቆይ። ችግሩ የጣና ውሃ ብዙ ጊዜ ድፍርስ ነው፤ ድፍርስ ውሃን ፀሐይ ዘልቃ አትገባውም። የሞላውን ሃይላንድ ጋዜጣ ላይ አቁመህ በአፉ በኩል ወደ ታች እይ። ርዕሱን ማንበብ ካልቻልክ መጀመሪያ አጥልለው፤ ካልጠራ ተወው። ክረምት ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ፣ ይህ ዘዴ አይሠራም። እሳት ካለህ ሁልጊዜም ማፍላት ይበልጣል።

«በአንድ ሃይላንድ ስንት ጊዜ ሞልቼ ልጠጣ?»

ቁጥር የለውም። በሳሙና እያጠቡ ለቀዝቃዛ ውሃ ይጠቀሙበት። ከተጫጫረ ወይም ሽታ ከያዘ ይተዉት። ትኩስ ሻይ አይጨምሩበት፤ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል።

«ከሰል ለማያያዝ ሃይላንድ ይረዳኛል። ክፋት አለው?»

አዎ። ጢሱ መርዛማ ነው፤ የሚተነፍሱትም እርስዎና አጠገብዎ የተቀመጡት ልጆች ናቸው። የእንጨት ፍልጥ ወይም ደረቅ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይጠቀሙ።

«ቤት ውስጥ በዛብኝ፣ ሁሉንም አልጠቀምበትም።» (ከፋሲሎ)

ለቆራሌ ይስጡት። ክዳኑን ፈትተው አየሩን አስወጥተው ይጨፍልቁት፤ አንድ ጆንያ ብዙ ይይዛል። ክዳኑ ከጠርሙሱ የተለየ የፕላስቲክ ዓይነት ስለሆነ በሌላ ፌስታል ያጠራቅሙት። ዘይት የነካውንም ከንጹሑ ጋር አይቀላቅሉ።