ስታርት ዴት እየገፉብሽ ሪዛይን አድርጊ ቢሉሽ

እህቴ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሰንጋ ተራ ባንክ ዋናው መስሪያ ቤት ስድስት ዓመት ሰርተሻል፣ ካዛንቺስ ያለ ድርጅት በጣም የተሻለ ደሞዝ ያለው ኦፈር ሌተር ሰጥቶሻል፣ መጀመሪያ መስከረም 1 ትጀምሪያለሽ አሉሽ፣ ከዛ ከመስቀል በኋላ፣ አሁን ደሞ ህዳር፣ በዚህ ሁሉ መሀል ግን «ክሊራንስሽን ቶሎ አምጪ» (ከባንኩ ለቀሻል፣ ዕዳም ንብረትም የለብሽም የሚለውን ወረቀት ማለት ነው) እያሉ ይደውላሉ። ልልቀቅ ወይስ ልጠብቅ ነው ያልሽው።

አትልቀቂ። ግን ይሄን ብዬ ብተውሽ ምንም አልጠቀምኩሽም፣ ምክንያቱም ክሊራንስ ካላመጣሽ አንፈርምም ብለው ድርቅ ቢሉስ፣ ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው ነው ታገሺኝ።

እኔ ይሄን ነገር ከሁለቱም በኩል አውቀዋለሁ። በፊት ሜክሲኮ አንድ አስመጪ ጋር ፋይናንስ ነበርኩ፣ አሁን ደሞ ኤንጂኦ ውስጥ ኤች አር ነኝ፣ ማለት የምትጠብቂውን ስልክ የሚደውለው ሰው ነኝ በይው። ከውስጥ ሲታይ ቀን የሚገፋው ብዙ ጊዜ ሰውየዋን ስላልፈለጓት አይደለም። ኢንተርቪው ያረገሽ ማናጀር ነገ ብትመጪለት ደስታው ነው፣ ስራው ተቆልሎበታል፣ ግን ወይ የመደቡ በጀት አልጸደቀም፣ ወይ ቦርድ አልተሰበሰበም፣ ወይ ገንዘቡ ገና አልገባም። ይሄን ደሞ ላንቺ ንገሯት የሚል አለቃ የለም። ኤች አር «በሚቀጥለው ወር አካባቢ» ይልሻል፣ የምትደውልልሽ ልጅ እራሷ ከዛ በላይ አታውቅም እኮ፣ የተነገራትን ነው ምትነግርሽ፣ እሷን አትቀየሚያት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስራሽ ምክንያቱን ማወቅ ነው። ምክንያትና ምክንያት ይለያያል። ካዛንቺስ 2017 መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ቢሮ የቀየረው ድርጅት ብዙ ነው፣ ቢሮ እያደስን ነው ካሉሽ ምሳ ሰዓት ሄደሽ በአይንሽ ታይዋለሽ፣ ቀለም እየተቀባ ነው ወይስ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። እንደዚህ አይነቱ መዘግየት ያልቃል። «አፕሩቫል እየጠበቅን ነው» ግን ሌላ ነገር ነው፣ ምን አይነት አፕሩቫል፣ የማን፣ ብለሽ ጠይቂ። ጥር 2017 ላይ አሜሪካ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን አቁሜያለሁ ስትል በኛ ዘርፍ የሆነውን አይተናል፣ ቀን የተጻፈበት ኦፈር በእጃቸው ይዘው የቆየ ስራቸውን የለቀቁ ልጆች ነበሩ፣ «90 ቀኑ ይለፍና» ተባሉ፣ ከዛ ፕሮጀክቱ ራሱ ተዘጋ። ማንም አልዋሻቸውም። ድርጅቱ ራሱ ገንዘቡ ይመጣል ብሎ አምኖ ነበር።

የኔን ልንገርሽ። አስመጪው ጋር እያለሁ አንድ የኮንስትራክሽን ድርጅት እኔንና አብሮኝ የሚሰራ ልጅን ባንድ ቀን ኢንተርቪው አድርጎ ሁለታችንንም አለፋችሁ አለን። ስሙን ተዪው። ቀኑ መገፋት ጀመረ። እኔ ዝም ብዬ ስራዬን ቀጠልኩ፣ ለአለቃዬም ትንፍሽ አላልኩም፣ ልጁ ግን ከአለቃችን ጋር ድሮም አይዋደዱም ነበርና በስልክ በተነገረው ቃል ብቻ ሪዛይን አደረገ። ከዛ ገርጂ ቤቱ ተቀምጦ ስልካቸውን መጠበቅ ሆነ። የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስ መልሳችሁ ቅጠሩኝ ብሎ መጣ፣ ቦታው ሰው ገብቶበታል። መጨረሻ ላይ ከበፊቱ ባነሰ ደሞዝ ሌላ ቦታ ገባ፣ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነ ማለት ነው። እኔ ጋር ስንት ወር አስጠብቀው አንድ ቀን ደውለው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ «ነገ መጀመር ትችላለህ?» አንድ ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ ስላቸው ሰውየው ተቆጣ! እኛ አሁኑኑ ነው ምንፈልገው አለኝ። ስቄ ነው የመለስኩለት፣ እነሱ ሲያስጠብቁኝ ነገሩ ኖርማል ነበር እኮ። ፈርሙና ከፈረማችሁበት ቀን ጀምሬ ወሩን እቆጥራለሁ አልኳቸው፣ አጉረመረሙና ፈረሙ።

ይሄ ነው ላንቺም ምመክርሽ። መስከረም፣ ህዳር እያልሽ አብረሽ መቁጠሩን ተዪውና ቀኑን ከፊርማ ጋር እሰሪው። ኮንትራቱ ላይ «ሰራተኛዋ ውሉ ከተፈረመ ከ30 ቀን በኋላ ስራ ትጀምራለች» አይነት ነገር ይግባ። ከዛ በኋላ ፊርማውን እስከ ፋሲካ ቢጎትቱት ያንቺ ደሞዝ በወሩ መጨረሻ ይገባል፣ መዘግየቱ የነሱ ወጪ ነው። ህጉም ያግዝሻል፣ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሰራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በራሱ ፈቃድ መልቀቅ ይችላል፣ ሳይሰጥ ውልቅ ካለ ግን እስከ 30 ቀን ደሞዙ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ 30 ቀን ስትያቸው እያስቸገርሻቸው አይደለም፣ ባለሙያ ኤች አር ያለው ድርጅት ይሄን ያውቃል። (የስራ መሪ የሚባለው ደረጃ ላይ ከሆንሽ ግን አዋጁ አንቺን አይሸፍንም፣ ከባንኩ ጋር ያለሽን ውል እይው።)

ውል ተፈርሞ፣ ቀኑ ደርሶ፣ አንቺ ዝግጁ ሆነሽ እነሱ ስራ ካልሰጡሽ ደሞ ነገሩ ይለወጣል። በሰራተኛው ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ስራው ቢቆም እንኳን ለመስራት ዝግጁ የነበረ ሰው ደሞዙ አለው ይላል አዋጁ። በኦፈር ሌተር ብቻ ይሄን ልከራከር ብትይ ግን በጣም ያደክምሻል፣ በስልክ ቃልማ ተዪው።

አሁን ወደ ክሊራንሱ። ባንክ ስለሆንሽ ክሊራንስ ያንድ ቀን ስራ እንዳልሆነ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ ንብረት ማስረከብ አለ፣ ሲስተም አክሰስ መዘጋት አለ፣ ብድርና ቁጠባ አለ፣ ስልጠና ወስደሽ የፈረምሽው ግዴታ ካለ እሱም አለ። ክሊራንስ አምጪና እንፈርም ማለት በሌላ ቋንቋ መጀመሪያ ስራ አጥ ሁኚ ማለት ነው። እኛ ጋር እንዲህ ስንጠየቅ የምናደርገው፣ ውሉ ይፈረማል፣ ሰራተኛው ክሊራንሱን በሙከራ ጊዜው ውስጥ ያመጣል፣ ካላመጣ ቅጥሩ አይጸናለትም። ብዙ ቦታ ይሄን ይቀበላሉ ግን ካልጠየቅሽ ማንም አያቀርብልሽም። የስራ ልምድ ብቻ ከሆነ የፈለጉት ደሞ እሱን ሳትለቂም ማውጣት ትችያለሽ፣ ሰራተኛ በጠየቀ ጊዜ አሰሪው በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት።

የሙከራ ጊዜ ካነሳሁ አይቀር፣ እስከ 60 የስራ ቀን ነው፣ ወደ ሶስት ወር ሊጠጋ ምንም አይቀረው። በዛ ውስጥ አልሆንሽንም ካሉሽ ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብቱሻል። ገና ሳትገቢ ቀን የሚገፋ ድርጅት ጋር ያን ሁሉ ጊዜ ያለ ዋስትና መቆየት ማለት ነውና የተጠራቀመ ብር ከሌለሽ ይሄንንም ቁጠሪው።

ያላነሳሽው ነገር ግን እኔን ያሳሰበኝ የስታፍ ሎን ነው። ስድስት ዓመት ባንክ የሰራ ሰው የቤት ወይ የመኪና ብድር ሳይኖረው አይቀርም ብዬ ነው። ስትለቂ የሰራተኛ ወለዱ ይነሳና ወደ መደበኛው ወለድ ይገባል፣ አንዳንዱ ውል ላይ ቀሪውን በአጭር ጊዜ ዝጊ የሚልም አለ። አዲሱ ደሞዝ ላይ የጨመሩልሽን ብር ይሄ ልዩነት ሊበላው ይችላል፣ ካልኩሌተር ይዘሽ ቁጭ በይ። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ካለ በብር ይከፈልሻል፣ የመጨረሻ ሂሳብሽም ከለቀቅሽበት ቀን ጀምሮ በ7 የስራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፣ ግን ይሄ ከብድሩ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነገር ነው።

ለቅርብ አለቃሽ ምንም እንዳትነግሪ፣ ጥሩ ሰው ቢሆንም። ሌላ ቦታ ማመልከትሽንም አታቁሚ፣ እነሱ ቀን ሲገፉ አንቺ የነሱ ብቻ የምትሆኚበት ምክንያት የለም።

ሰኞ ጠዋት ደውይላቸው፣ የመደቡ በጀት ጸድቋል ወይ ብለሽ በቀጥታ ጠይቂ፣ ከዛ ስልኩን ስትዘጊ ወዲያው በኢሜል «በስልክ እንደተነጋገርነው ውል ከተፈረመ ከ30 ቀን በኋላ መጀመር እችላለሁ፣ ክሊራንሴን በሙከራ ጊዜዬ አቀርባለሁ» ብለሽ ላኪ። በኢሜል ከመለሱልሽ ጥሩ ነው። «በስልክ ይሻላል» ብለው ከደወሉ ግን ሪዛይኑን አትጻፊው። የመለሱልሽን እዚሁ ጻፊልን፣ ኮንትራቱን ከላኩልሽም ስምሽንና ስማቸውን ደብቀሽ አሳዪኝ፣ አየዋለሁ።