ሞተሩን ወደ 100 መልሺው

ሰላም እህቴ። ደብዳቤሽን ትናንት ማታ ሁለቴ አነበብኩት፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ለሦስተኛ ጊዜ።

ለሌሎቻችሁ ነገሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ልጅቷ እዚሁ ሐዋሳ የሦስተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ናት። ስምንት ወር ሙሉ ማታ ማታ ኤክስ-ፕሌን በሚባለው የበረራ ሲሙሌተር ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ውሃ ላይ የምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ስትነድፍ ቆይታለች። አብሮት በሚመጣው ፕሌን ሜከር በሚባል የመንደፊያ ፕሮግራም ትሠራታለች፣ ከዚያ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ አስቀምጣ ትሞክራታለች። አንድ መምህሯ «ጌም ነው፣ ጊዜሽን አታባክኚ» ብሏታል። አባቷ በተቃራኒው፣ አውሮፕላን ከወደድሽማ ፓይለት ሁኚ ብለው፣ ካሏቸው ሁለት ባጃጆች አንዱን ሸጠው የግል የበረራ ትምህርት ቤት ሊያስገቧት ተነስተዋል። እሷ ግን መሥራት እንጂ ማብረር አይደለም የምትፈልገው። ይሄ ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ ነው ጥያቄዋ።

እኔን አላስተኛ ያለኝ አንድ መስመር ነው። «ባሕር ላይ ስሞክራት ትነሳለች፣ ሐዋሳ ላይ ግን እንቢ አለችኝ፣ ስለዚህ ሞተሩን ከ100 ወደ 140 ፈረስ ጉልበት ቀየርኩትና በረረች» ብለሽ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፍሽ። እኔ እዚያው ቀረሁ። ሥራና ጨዋታ የሚለያዩት እዚያ መስመር ላይ ነዋ!

እንቢ ያለችሽ እውነቷን ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 27 ዲግሪ ሲሞቅ፣ አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው መደበኛ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ፣ ማለትም አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ስለቀነሰ 100 የነበረው ጉልበት ወደ 80 ወይም ከዚያም በታች ይወርዳል። ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር ሳስቷል። ክንፉ ደግሞ ያንኑ ክብደት ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ባሕር ላይ በ40 ኖት (የአውሮፕላንና የመርከብ ፍጥነት መለኪያ ነው) የምትነሳ ከሆነ እዚህ ወደ 45 ትጠጋለች። አምስት ኖት ምን አላት? አስፋልት ላይ ቢሆን መንደርደሪያውን ማስረዘም ነበር። ውሃ ላይ ግን ሌላ ጣጣ አለ።

ሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው መዝናኛ፣ ሰው የሚያዝናኑትን የሞተር ጀልባዎች ልብ ብለሽ እዪ። ጋዝ ሲጨመርበት መጀመሪያ አፍንጫው ይነሳል፣ ኋላው ይሰምጣል፣ ጀልባው ውሃውን እየገፋ ይታገላል፤ ከዚያ ድንገት ቀለል ይለውና ላዩ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ያንቺም አውሮፕላን ያንን የትግል ደረጃ፣ ጉብታ የሚባለውን፣ ማለፍ አለባት። ጉልበቷ ካልበቃ ከጉብታው ወዲህ ትቀራለች፣ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ብትነጃትም አትነሳም። ለዚህ ነው ከሆዷ ሥር ስቴፕ የሚባለው ደረጃ የሚሠራው፤ አየር ገብቶ ውሃው ሆዷን መጥምጦ እንዳይዛት። የክብደት ማዕከሏ፣ ክብደቷ ሚዛን የሚጠብቅበት ነጥብ፣ ደግሞ ከስቴፑ ትንሽ ቀደም ብሎ መሆን አለበት። አንቺ የት አደረግሽው? አልጻፍሽልኝም።

ጋዝ ስሰጥ አፍንጫዋ ይደፋል ያልሽውም የፕሮግራሙ ስህተት አይደለም። ፕሮፔለሩን ውሃ እንዳይመታው ሞተሩን ወደ ላይ ሰቀልሽው፣ ከላይ የሚገፋ ነገር ደግሞ አፍንጫ ይደፋል። ሌክ የሚባሉት ትናንሽ የአሜሪካ አውሮፕላኖችም ሞተራቸው ከጀርባ በምሰሶ ላይ ስለሆነ አብራሪዎቻቸው ይህንኑ ጠባይ ለምደው ነው የሚያበሩት።

140ው ኃጢአት ነው አላልኩም። ለትናንሽ አውሮፕላኖች ከሚሠሩት የሮታክስ ሞተሮች 912 ባለ 100 ፈረስ ጉልበት አለው፣ ቱርቦ ያለው 915 ደግሞ 141 ነው፣ ቱርቦ ጥቅሙ ከፍታ ላይ ነው። ግን ይከብዳል። ነዳጅም ዋጋም ይጨምራል። ጉልበቱን ስትቀይሪ ክብደቱንስ አብረሽ ቀየርሽ? ካልቀየርሽ የበረረችው አውሮፕላን የትም የለችም።

እኔ ወደ ምክር ሥራ የመጣሁት ከሃንጋር ነው። በ20 ዓመቴ የአውሮፕላን ጥገና ሠልጣኝ ነበርኩ። በገባሁ በሁለተኛው ወር አንድ ሽፋን ገጥሜ ስድስቱንም ቦልት በቶርክ ሬንች፣ የማጥበቂያውን ኃይል በቁጥር በሚለካው መፍቻ፣ አጠበቅኩና ፈረምኩ። አለቃዬ ወረቀቱን አየው። ያጠበቅኩበት ቁጥር አልተጻፈም። ልክ ነው፣ እኔ አውቃለሁ አልኩት። «አንተ ታውቃለህ፣ ወረቀቱ ግን አያውቅም» አለኝና ስድስቱንም አስፈታኝ። አንድ በአንድ እየጻፍኩ፣ ሌላ ሰው አጠገቤ ቆሞ እያየ፣ እንደገና አጠበቅኩ። የወጣሁት ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። በኋላ እናቴ ስትታመም ወደ ሐዋሳ ተመልሼ የፋብሪካ ጥገና ክፍል ስመራ፣ ለሥራ የመጣውን ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ ሠርተህ እንቢ ያለህን ነገር ንገረኝ፣ ምን ምን ሞከርክ? ብዙዎቹ ጂፒኤያቸውን ይነግሩኛል። አንቺ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለሽ፣ ግን ሰርዘሽዋል።

ስለዚህ ሞተሩን ወደ 100 መልሺው። ኤክሴል ክፈቺ። ለእያንዳንዱ ሙከራ ቀን፣ ክብደት፣ የክብደት ማዕከል፣ ሙቀት፣ ንፋስ፣ ተነሳች ወይስ አልተነሳችም፣ በስንት ሰከንድ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ። ዛሬ ክንፉን አስፊ፣ ነገ ክንፉን ወደ ነበረበት መልሰሽ ፕሮፔለሩን ለመነሳት የሚመች አድርጊው፣ ከነገ ወዲያ ነዳጁን ቀንሺ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በ15 ዲግሪም ሞክሪያት፣ አየሩ ወፈር ይላል። ግን ጠዋት ሐይቁ እንደ መስታወት ፀጥ ሲል ሆዷን ይበልጥ ይይዛታል፣ ስታርፊም ከፍታሽን ከውሃው ላይ መለየት ያስቸግራል። እነዚህን ሁለቱን ማመዛዘን ነው ምህንድስና የሚባለው፣ መምህርሽ ይህን ሠንጠረዥ ካየ በኋላ ጌም ነው ካለ እኔ ራሴ መጥቼ አነጋግረዋለሁ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አድርጊ። ኤክስ-ፕሌን ክንፉንና ፕሮፔለሩን ቁርጥራጭ አድርጎ በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈውን ኃይል ስለሚያሰላ አየር ላይ ያለውን ውጤት ለጀማሪ ንድፍ እቀበልልሻለሁ። ውሃውን በዚያው ልክ አትመኚው። አሜሪካኖች በ1931 እ.ኤ.አ. ላንግሊ በሚባለው የምርምር ማዕከላቸው 600 ሜትር ገደማ የሚረዝም ገንዳ የሠሩት የአውሮፕላን ሆድ ሞዴል ውሃ ላይ እየጎተቱ ለመለካት ነው። የዚያ ዘመን ሪፖርቶች ናሳ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይወርዳሉ። ሁለቱን ብቻ አንብቢና ስቴፑን ከነሱ ጋር አስተያዪው።

ወደ አባትሽ ልምጣ። አከብራቸዋለሁ፣ ልጄ ትብረር ብሎ ንብረቱን የሚያቀርብ አባት ብዙ የለም። ግን እቅጩን ልንገርሽ፤ ባጃጁ አይሸጥ። አንዱን ወንድምሽ ይነዳዋል፣ ሌላው ለሹፌር ተሰጥቶ ገቢ ያስገባል፣ አምስት ሰው ከሁለቱ ነው የሚበላው ብለሽኛል። አንቺ ለማትፈልጊው ሙያ የቤቱን ግማሽ እንጀራ ማውጣት ልክ አይደለም። ፈቃዱን ከያዝሽ በኋላም ቀጣሪ የበረራ ሰዓት ይጠይቅሻል፣ እያንዳንዱ ሰዓት ደግሞ ገንዘብ ነው፣ ያኔ ሁለተኛው ባጃጅ ይከተላል። አባትሽ ካፒቴን አምሳለ ጓሉን ጠቅሰውልሻል፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆና አኩርታናለች። አንድ ቀን ሐሳብሽን ብትቀይሪ አየር መንገዱ ራሱ ሠልጣኝ ሲመለምል ትወዳደሪያለሽ። ውለታ ቢስ ነኝ ወይ ላልሽው፣ አይደለሽም። ላፕቶፑን ይዘሽ አጠገባቸው ተቀመጪ፣ ያልተነሳችበትን ሙከራ አሳዪያቸው። ሦስት ሰው ጭኖ ዳገት ላይ የሚያቃስት ባጃጅ ያውቃሉ፣ ክብደትና ጉልበት ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳቸው አይገባም።

የቀረውን ባጭሩ። ዲፓርትመንት አትቀይሪ፣ የመውጫ ፈተናውን እለፊ። አፓረንት (የተግባር ልምምድ) ስትወጪ ቢሮ ሳይሆን ወርክሾፕ ጠይቂ። ስትመረቂ የአውሮፕላን ጥገና ሥልጠና ማስታወቂያ ጠብቂ፤ አውሮፕላን ተፈታትቶ የምታዪው እዚያ ነው፣ አንድን ነገር ሲጠገን ያላየ ሰው ለጠጋኝ የማይመች ነገር ይነድፋል። የውጭ ስኮላርሺፕ ካገኘሽ ሞክሪ፣ ግን እሱን ብለሽ ዓመት አታቃጥዪ። እንግሊዝኛሽ ሪፖርቶቹን ስታነቢ ይሻሻላል። ሃንጋር ለሴት ይከብዳል ያለሽን ሰው ስቴፕ ምን እንደሆነ ጠይቂው።

ሲቪሽን አሁን አትላኪልኝ። በ100ው ሞተር የመጀመሪያዎቹን ሃያ ሙከራዎች ሠንጠረዥ ላኪልኝ፣ አልተነሳችም የሚሉትን ረድፎች ሳታጠፊ።