«ሲሚላር» እና «ሴም»፦ በአንድ ቃል አንድ ዓመት ሄደብኝ

አብሽር ወንድሜ። ስለ እንግሊዝኛ ቃላት «ሲሚላር፣ ሴም፣ አላይክ፣ አይደንቲካል ሁሉም ተመሳሳይ ማለት አይደሉም ወይ? ለደብዳቤ ቸግሮኝ ነው» ያልከውን ሳነብ ልቤ ነው የደነገጠው። ለደብዳቤ ከሆነ ስም በሁለት ሰነድ ላይ ተለያይቶ የመጻፉ ጉዳይ ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም። እኔም የተቃጠልኩት በዚሁ ነው።

1. «ተመሳሳይ» የሚለውን የአማርኛ ቃል አትመነው። የሚቀራረበውንም፣ ምንም ልዩነት የሌለውንም፣ ያው ራሱ የሆነውንም ተመሳሳይ እንላለን። እንግሊዝኛው ለየብቻ ስም አውጥቶላቸዋል፤ በቅደም ተከተል ሲሚላር፣ አይደንቲካል፣ ሴም። የኛን ባቲና አምባሰል ውሰድ። ሁለቱም ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ናቸው፤ ሲሚላር ብትላቸው ያስኬዳል። ሴም ካልካቸው ግን ማሲንቆ የሚመታ ሰው ይቀየምሃል። ሪሌትድ ደግሞ ዝምድና ነው። አማርኛና አርጎብኛ ሪሌትድ ናቸው፤ የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች ናቸውና። ወንድምና እህትም መልካቸው ባይገጥም ሪሌትድ ናቸው።

2. ሲሚላር ካልክ ሁለት ነገር እንዳለ አምነሃል። ይህችን ያዛት፤ እኔን ያስከፈለችኝ እሷ ናት።

የአባቴ ስም ሁሴን ነው። የትምህርት ማስረጃዬ ላይ በእንግሊዝኛ በስድስት ፊደል ተጻፈ፤ ፓስፖርቴ ላይ በሰባት። አንዲት «አይ» ገባችበት፣ በቃ። የውጭ ትምህርት ዕድል አግኝቼ ስለነበር ማስተካከያ ደብዳቤ አወጣሁ። አማርኛው «ሁለቱ ስሞች ተመሳሳይ ሆነው የአንድ ግለሰብ መጠሪያ ናቸው» ይላል። ምንም አይወጣለትም። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ትርጉም ቤት ወሰድኩት። ልጁ ስልኩን እያወራ በአሥር ደቂቃ ጨረሰልኝ። «ስሞቹ ሲሚላር ናቸው» ብሎ ጻፈ፤ «የአንድ ግለሰብ» የሚለውን ጭራሽ ዘለለው። ማህተም መታ። እኔም ማህተሙን አይቼ ተማመንኩ።

በሌሊት መናኸሪያ ወርጄ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ሰነዱን በሚቀበለው ቢሮ መስኮት ላይ ያለችው ሴትዮ ወረቀቱን በጣቷ ገፋ አድርጋ «ሲሚላር ነው የሚለው። ታዲያ ሁለት ሰዎች ናችሁ?» አለችኝ። ላስረዳት ስሞክር «ቀጣይ!» ብላ ከኋላዬ ያለውን ጠራች። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። በጣም ነበር የከፋኝ፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ግን ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ነው ያነበበችው። ደሴ ተመልሼ፣ ደብዳቤውን አስተካክዬ፣ እንደገና እስክሄድ ቀነ ገደቡ አለፈ። ዕድሉን ያገኘሁት በዓመቱ ነው።

ያኔ ቁጭ ብዬ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። አይደንቲካል እንኳን አያድንህም። አይደንቲካል ትዊንስ የሚባሉት ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንታዎች ናቸው። ቁርጥ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው! ሴም ብቻውንም አንዳንዴ ያወላዳል። እኔና አንተ ከአንድ ሱቅ አንድ ዓይነት ጫማ ብንገዛ «ዘ ሴም ሹዝ» እንላለን፤ ጫማው ግን ሁለት ጥንድ ነው። ስለዚህ ነው በሕግ ደብዳቤ ላይ «ዋን ኤንድ ዘ ሴም ፐርሰን» የሚባለው። አንድና ያው ሰው። ሁለተኛውን ደብዳቤ ራሴ ጻፍኩት፤ በዚያው መስኮት ያለ አንድ ጥያቄ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ለአክስቴ ልጅና ለሁለት ጎረቤቶቼ ጽፌያለሁ። አንዱም አልተመለሰም።

3. ሌላው ቀላል ነው። «ሲሚላር ዊዝ» አትበል። ከአማርኛው «ከ… ጋር ይመሳሰላል» የመጣብን ነው። ትክክለኛው «ሲሚላር ቱ» ነው። ሴም ግን «አዝ» ነው የሚከተለው፤ ከፊቱም «ዘ» አይቀርም። አላይክን፣ ማለትም «የሚመሳሰሉ» የሚለውን፣ ከስም በፊት አታስገባው። ሁለቱ ቤቶች «አር አላይክ» ትላለህ እንጂ «አላይክ ሃውዝስ» አይባልም። አስሊፕ (የተኛ) እና አላይቭ (በሕይወት ያለ) እንደዚሁ ናቸው።

ኢኳልና ኢኪቫለንትን አልጠየቅክም፤ ማስረጃህን ይዘህ አቻ ግምት ስትሄድ ግን ይመጡብሃል። ኢኳል መጠኑ ወይም ደረጃው እኩል ነው። ኢኪቫለንት ደግሞ ሌላ ነገር ሆኖ ዋጋው የሚተካከል፣ አቻ ማለት ነው። የውጭ ዲግሪ ከአገር ቤቱ ጋር ሲመዘን ኢኪቫለንት ይባላል።

በል አሁን ደብዳቤህን አውጣና ሲሚላር የምትለዋን ፈልግ። ካገኘሃት ሰርዛት። ሁለቱንም አጻጻፍ እንደየሰነዱ፣ ፊደል ሳትለውጥ ጻፍና «ሪፈር ቱ ዋን ኤንድ ዘ ሴም ፐርሰን» ብለህ ዝጋው። ማህተም ከማስመታትህ በፊት ስምህን ሸፍነህ ፎቶውን በውስጥ ላክልኝ፤ ማታ ከመግሪብ በኋላ አየዋለሁ።