ሙከራው ሳይጀመር፦ የሳይንስ ፕሮጀክት ለሚያቅዱ ልጆች

የትምህርት ቤት የሳይንስ ፕሮጀክትን የሚመለከቱ ጥያቄዎች በብዛት ደርሰውኛል። አብዛኞቹ ስለ ዕቅድ ናቸው፤ ይህም ደስ አሰኝቶኛል። የልጆች ሙከራ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ዕቃው ሳይነካ፣ ገና በዕቅዱ ላይ ስለሆነ ነው።

የአራተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼን ጥያቄ ምረጡ ስላቸው «እሳተ ገሞራ»፣ «ዕፅዋት» ይሉኛል። ከዚያ ወዴት ልውሰዳቸው?

የነገሩዎት ርዕስ ነው፤ ጥያቄ ገና አልሆነም። ቢሆንም ልጁ የወደደውን ርዕስ አያስጥሉት። «ዕፅዋት» ያለውን ልጅ ወረቀት ላይ ሁለት ዝርዝር ያስጽፉት። በአንዱ በኩል መለወጥ የሚችለውን ይጻፍ፦ የውሃ መጠን፣ ብርሃን፣ የአፈር ዓይነት፣ ዘሩ የሚቀበርበት ጥልቀት። በሌላው በኩል መለካት የሚችለውን፦ ቁመት፣ የቅጠል ብዛት፣ ለመብቀል የወሰደውን ቀን። ከየዝርዝሩ አንድ አንድ ሲመርጥ ጥያቄው ይወለዳል፦ «የባቄላ ዘር ጠልቆ ሲቀበር ለመብቀል ይዘገያል?» ያልተመረጠው ሁሉ፣ ውሃውም አፈሩም ብርሃኑም፣ ለሁሉም ዘር እኩል መሆን አለበት። መላምቱን ከነምክንያቱ የሚጽፈው ከዚህ በኋላ ነው።

እሳተ ገሞራውም አይጣል። ሆምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሎ አረፋ ማስወጣት ብቻውን ትርኢት ነው። የሆምጣጤው መጠን ሳይለወጥ የሶዳው መጠን እየተለወጠ የአረፋው ከፍታ ሲለካ ግን ምርመራ ይሆናል።

ልጄ ውሃውንም ብርሃኑንም አንድ ላይ መለወጥ ይፈልጋል። ምን ጉዳት አለው?

ልዩነት ቢያይ ከየትኛው እንደመጣ ማወቅ አይችልም። የሚከተለውን ታሪክ ይንገሩት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ሰዎች ትል ከሚበሰብስ ሥጋ በራሱ ይፈጠራል ብለው ያምኑ ነበር። ጣሊያናዊው ሐኪም ፍራንቼስኮ ሬዲ ሥጋ በማሰሮዎች ውስጥ አድርጎ ገሚሱን ክፍት ተወው፣ ገሚሱን ገጥሞ ዘጋው። ትል የታየው ዝንብ በገባበት ክፍት ማሰሮ ብቻ ነበር። ነገር ግን ክዳኑ ዝንብን ብቻ ሳይሆን አየርንም ከልክሏል፤ ሁለት ነገር አንድ ላይ ተለውጧል ማለት ነው። ስለዚህ ሬዲ ሌሎች ማሰሮዎችን አየር በሚያስገባ ስስ ጨርቅ ሸፍኖ ሙከራውን ደገመው። ሥጋው ላይ አሁንም ትል አልተገኘም። ውጤቱን በ1668 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሳተመ። እኔ ለልጆች ከዚህ የተሻለ የዕቅድ ትምህርት አላውቅም።

ልጄ ጨለማ ውስጥ ያለው ችግኝ አጭር ይሆናል ብላ ገምታ ነበር፤ ረጅሙ እሱ ሆነ። መላምቷን አጥፍታ ልትጽፍ ነው።

እባክዎ ይከልክሏት! ከግምት የተለየ ውጤት ሙሉ ውጤት ነው፤ መላምት መቀየርን የሚያበረታታ የማርክ አሰጣጥም ሊታረም ይገባዋል። ችግኙ በዘሩ ውስጥ በተከማቸ ምግብ ብርሃን ፍለጋ ይሳባል፤ ግንዱ ይቀጥናል፣ ቅጠሉም ይገረጣል። አሁን ለልጅዎ የሚቀርበው ጥያቄ «ቁመት ብቻውን ጥሩ ዕድገትን ያሳያል?» የሚል ነው። በሚቀጥለው ዕቅዷ የቅጠሉን ቀለምና የግንዱን ውፍረት ትጨምር።

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ክር ላይ ድንጋይ አስሬ የሚወዛወዝበትን ጊዜ ልለካ ነው። አንድ ጊዜ ብለካ አይበቃም?

አይበቃም፣ ጎበዝ። አንድ ውዝዋዜ በጣም አጭር ስለሆነ እጅህ ሰዓቱን ሲጫን የሚፈጥረው ስሕተት ልኬቱን በጣም ያዛባዋል። ድንጋዩ 10 ጊዜ ሄዶ እስኪመለስ ለካና ለ10 አካፍል፤ ይህንም ቢያንስ ሦስት ጊዜ ድገመው። ሰንጠረዡን ከመጀመርህ በፊት አሰምር። አንድ ጊዜ የክሩን ርዝመት ብቻ፣ ሌላ ጊዜ የድንጋዩን ክብደት ብቻ ለውጥ። የትኛው ጊዜውን እንደሚለውጥ አልነግርህም፤ ራስህ ስታገኘው ይበልጥ ደስ ይልሃል።

ዳቦ ላይ ሻጋታ ማሳደግ ለልጆች አደጋ አለው?

ዳቦው በሚያሳይ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ በደንብ ታሽጎ ከተቀመጠ ይቻላል። ከረጢቱ ሻጋታ ካበቀለ በኋላ ለማሽተትም ለመንካትም አይከፈት፤ ልኬቱ ከውጭ በማስመሪያ ይወሰድ፣ ሲያበቃም እንደታሸገ ይጣል። ይህን ልጁ ራሱ በዕቅዱ ላይ «ጥንቃቄ» በሚል ርዕስ ይጻፈው፤ መምህሩም አይተው ሳይፈርሙበት ሥራው አይጀመር።